የአጎቴ የፌስታል ቅስቀሳ

አጎቴ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሹፌሩም፣ አማካሪውም፣ ጠባቂውም እኔ ነበርኩ። እንዳትደነግጡ፣ የሀገር ፕሬዚዳንትነት አይደለም፤ የማኅበራችን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ የተበተነውን ሰው ለለቅሶ፣ ለሰርግና ለበዓል የሚሰበስብ ማኅበር አለን። ሲመሠረት መሪው «ሊቀመንበር» ይባል ነበር አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ቃሉ ደርግን ያስታውሰናል፣ እንቅልፍ ይነሳናል ብለው በ«ፕሬዚዳንት» ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ የተመረጠ ሁሉ ሱፍ ለብሶ፣ አንገቱን አቅንቶ ሲሄድ ሠራዊት ያለው ይመስላል። ያለው ግን በሰዓት የተከራየ አዳራሽ፣ ተደራራቢ የፕላስቲክ ወንበርና ንግግር ሲጀመር ባትሪው የሚያልቅ ማይክ ነው።

አጎቴ በወጣትነቱ የገጠር ሐኪም ነበር። ወዶ አይደለም፤ ትምህርቱን ሲጨርስ እጣ አስወጡትና የደረሰው መኪና የማይገባበት ቦታ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ክፉ በቅሎ። እዚያ አዋለደ፣ ሰፋ፣ ጥርስ ሳይቀር ነቀለ። ቀጥሎ ዲቪ ሞላና ሌላ እጣ ደረሰው። አሜሪካ ሲመጣ «ዲግሪህ ቆንጆ ነው፣ ፈተናውን እንደገና ውሰድ» ተባለ። ሁለት ጊዜ ማጥናት ጀመረ፣ ሁለቱንም ጊዜ የቤት ኪራይ ቀደመው። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሳን ሆዜ መሀል ከተማ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ለሰው መልስ ሲመልስ ኖረ። ሚስቱን እንኳ የመረጠለት ቤተሰብ ነው። እሷም እዚህ ከመጡ በኋላ ሌላ መረጠች።

እኔ አብሬው የምኖር የእህቱ ልጅ ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በራሴ ዲቪ ስመጣ ሶፋው ላይ ያረፍኩት ለሳምንት ብዬ ነበር። ይኸው ሶፋው ቅርጼን ይዞ ቀርቷል። አንድ ሥራ ላይ መርጋት አልችልም። ካፌ ሞከርኩ፣ መጋዘን ሞከርኩ፣ የአረጋውያን ቤት ሞከርኩ፤ መጨረሻ ላይ ምግብ በመኪና ማድረስ ያዝኩ፤ ከኋላዬ ቆሞ የሚያፈጥ አለቃ የሌለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ጋሼ እለዋለሁ፣ ግን «አንተ» እያልኩ። ያደግኩት በስልክ እያወራሁት ነው፤ በዚያ ዘመን የስልክ ካርድ ደግሞ ለአንቱታ የሚበቃ ደቂቃ አልነበረም።

አንድ ቀን ሩዝ እየቀቀለ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ እንዲህ አለ፦

«በሕይወቴ አንድም ሰው እኔን አይቶ፣ ይሄ ሰው ይሁንልን ብሎ መርጦኝ አያውቅም። ሁሌ እጣ ነው።»

ለማጽናናት አልተፈጠርኩም። «ጋሼ፣ ሩዙ እያረረ ነው» አልኩት። ነገሩ ግን ገባኝ። ሰውየው ሥልጣን አላማረውም። ማይኩንም አላማረውም፣ በተለይ ማይኩን። ያማረው አንዴ፣ ከመሞቱ በፊት፣ በሰው ፊት በእጅ ተቆጥሮ መመረጥ ነው። እኔ ደግሞ ሰው አንድ ነገር ከፈለገ ሄዶ ይውሰደው የምል ነኝ። «እንወዳደራለን» አልኩት። «እስቲ ሰው ካለ...» አለኝ። በእኛ ቋንቋ ይኼ «አዎ» ማለት ነው።

ቅስቀሳ ጀመርን። «ቅስቀሳ» ስል ግን «ምረጡኝ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እንዴት ተደርጎ! ጨዋ ሰው «ሹሙኝ» አይልም። ጨዋ ሰው ቤታችሁ ለሰላምታ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ ጣሪያውን እያየ፣ «ማኅበሩን አንድ የተማረ፣ ቅን፣ ጊዜ ያለው ሰው ቢይዘው እኮ ብዙ ይሠራ ነበር» ይላል። ከዚያ ዝም። ዝምታው ውስጥ ባለቤቱ «ታዲያ እርስዎስ?» እንዲለው ይጠብቃል። ሲለው ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔማ ምን አቅም አለኝ!» ይላል። የምርጫ ዘመቻችን ይኼው ነው። በዚህ ፍጥነት ከሆነ የምንመረጠው ለሰማይ ቤት ነው ብዬ ነገርኩት።

ደግሞ ብዙዎቹ «እርስዎስ?» የሚሉበት ጊዜም የላቸው፤ ሻዩ ሳይቀርብ ፌስታል ይዘው ይመጣሉ።

ፌስታሉን ላስረዳ። እዚህ ያለ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ያገራችን ሰው ሁሉ አንድ ፌስታል አለው። ውስጡ ክኒን ነው፦ የግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮል፣ ከአዲስ አበባ በሰው የመጣ፣ ጎረቤት «ለእኔ ፍቱን ሆኖልኛል» ብሎ ያካፈለው። እዚህ ያለው ሐኪም ያዘዘላቸውን ያመጡታል እንጂ አያምኑትም። የሚያምኑት አጎቴ ጠርሙሱን ከዓይኑ አርቆ ካነበበና በአፍንጫው «እምም» ካለ በኋላ ነው። እሱ ደግሞ ሁሌ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «እኔ እዚህ ፈቃድ የለኝም፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይስሙ።» በቃ። ሐኪሙ ሲናገረው ያልተዋጠ ክኒን፣ የፓርኪንግ ጡረተኛ «ሐኪሙን ይስሙ» ሲላቸው ይዋጣል። ሳይንስ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ፕሌዘንተን፣ አንድ ጡረታ የወጡ ምሁር ቤት ነው። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ መጻሕፍታቸው ደረጃውን ሁሉ ይዘውት ሰው በጎኑ የሚወጣበት ቤት።

«ጥያቄው ማን ይመረጥ አይደለም» አሉ ገና ሳንቀመጥ። «ጥያቄው፣ ምርጫ ስንል ምን ማለታችን ነው?»

እኔ ማለቴ እጅ ማውጣት ነበር፣ ግን ማንም አልጠየቀኝም። እሳቸው ተናገሩ፣ ተናገሩ፤ ጋሼ ጣሪያውን የሚያይበት ክፍተት እንኳ አጣ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ኮሪደሩ ጠሩት። ሲመለሱ አጎቴ የሆነ የላብራቶሪ ወረቀት እያጠፈ ይሰጣቸዋል፣ የእሳቸው ፊት ደግሞ በርቷል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩት መኪና ውስጥ።

«የሰው ምስጢር ነው።»

«እሺ፣ ድምፅ ይሰጡናል?»

«በመርህ ደረጃ ምርጫውን አይቀበሉትም።»

«ወረቀቱንስ?»

«ወረቀቱ ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ይኼን ያህል ነበር ያተረፍነው፤ የአንድ ምሁር እፎይታ።

ተፎካካሪያችን ባለ ትራኩ ነው። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልሱ መኪናዎች አሉት፣ ሾፌሮቹ ሁሉ የማኅበሩ አባል ናቸው፣ እሱም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም፤ ጮክ ብሎ መናገሩ ብቻ ነው። ተስፋው «ሕንፃ እንገዛለን» ነው። እስከዛሬ የተወዳደረ ሁሉ ሕንፃ ገዝቷል። ሰዉ ይኼን ሕንፃ ከመስማቱ ብዛት የሽንት ቤቱ በር በየት በኩል እንደሚከፈት ያውቃል። እኔም «ጋሼ፣ ሰፈሩ ድረስ እንግባበት» ብዬ፣ ወደቡ አጠገብ ሾፌሮቹ ተራ እየጠበቁ የሚቆሙበት ቦታ ወሰድኩት።

ከመኪና እንደወረድን አንዱ ወፍራም ሾፌር እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ዶክተር፣ አልዋሽዎትም፣ ድምፄ የአለቃዬ ነው። ወገቤ ግን የእርስዎ ነው፤ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

ሸሚዙን ገልጦ ጀርባውን ሰጠው። ሌሎቹ ሲያዩ ተሰለፉ። ጋሼ በኮንቴይነር ተራራ ሥር፣ በነፋስ፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ እየተውለበለበ፣ ጎልማሶችን ጎንበስ ቀና ያስደርጋል። «ስለ ምርጫው በላቸው እንጂ!» አልኩት በጆሮው። «ቆይ፣ የዚህኛው ጣቱ ይደነዝዛል» አለኝ።

«አንቺ ነርሷ ነሽ?» አለኝ አንዱ ከሰልፉ።

«የምርጫ አስተባባሪ ነኝ።»

«እሺ አስተባባሪ፣ ከፊቴ ይኼ ልጅ ገብቶብኛል፤ አስተባብሪልኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ በሦስት ቃል መልስ የምሰጥ ነርስ ሆኜ ቀረሁ፦ «ከእሳቸው ቀጥሎ ነዎት።»

ከሁሉም የባሱት ግን የካምቤሏ እናት ናቸው። ካምቤል ውስጥ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ልጅቷ እዚሁ ያደገች ነች፣ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ትሠራለች። የእሳቸው ፌስታል ፌስታል አይደለም፤ የገበያ ዘንቢል ነው። ጋሼ ጫማውን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«ማም! ሂ ኢዝ ኖት ዩር ዶክተር!» አለች ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«አንቺ ዝም በይ። ያንቺ ሐኪም የሚያየው ኮምፒውተሩን ነው፤ እሳቸው የሚያዩት እኔን ነው።»

«ሊተራሊ ኢንሹራንስ አለሽ።»

«ኢንሹራንስ 'እንዴት አደሩ' ይላል?»

ጋሼ ዘንቢሉን ጨርሶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ጣሪያውን አየ። «ማኅበሩን አንድ ቅን፣ ጊዜ ያለው ሰው ቢይዘው...» አለ። እትዬ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ኧረ ተዉት ጌታዬ! የማኅበር ነገር ሰው ያጠፋል። ያለፉት ፕሬዚዳንት ድሮ ስደውል ባንዴ ነበር የሚያነሱት። ከተመረጡ በኋላ ድምፃቸውን የሰማሁት በማይክ ነው።»

ጋሼ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሁለታችንም አልገባንም። ሰው በየሄድንበት ሲስመው፣ ሲመርቀው፣ እስከ መኪናችን ሲሸኘው አይቼ ፍቅሩን እንደ ድምፅ ቆጠርኩት። የእኔ ብልጠት እዚህ ድረስ ነበር።

የምርጫው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ ቁም ነገር ልነግረው ሞከርኩ።

«ነገ ስምህ ሲጠቆም 'እሺ' በል።»

«እንዴት ተብሎ?»

«እሺ። ሁለት ፊደል ነች።»

«ወግ አለው እኮ ልጄ። መጀመሪያ 'አይገባኝም' ትያለሽ። ሰው 'በሞቴ' ይልሻል። ትንሽ ትግደረደሪያለሽ። 'በእግዜር' ይላሉ። ያኔ የሰው ፊት አይመለስም ብለሽ ትቀበያለሽ። ዘሎ እሺ የሚል ሆዳም ነው።»

እኔ መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃችን ፒዛ አምጥቶ «ብዪ» ሲለኝ፣ በወጉ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩት። «ኦኬ» ብሎ ሳጥኑን ዘጋው። ሆዴ እየጮኸ ሳጥን ስቆልል ዋልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ምንም ሲሰጠኝ እጄ ከአፌ ይቀድማል። ይኼን ስነግረው ጋሼ እንጀራውን አስቀምጦ ሳቀ።

«ፒዛና ፕሬዚዳንትነት አንድ ሆነው?»

«እዚህ ሀገር አዎ።»

«ያ አለቃሽ አሜሪካዊ ነው። ነገ የሚሰበሰበው ያገሬ ሰው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ አንድ ሰው ሲቀር። አስመራጩ። አስመራጭ የተደረገው እዚሁ የተወለደ፣ ፕሌዘንተን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። የማንንም ወገን ስለማያውቅ ገለልተኛ ነው ተብሎ። ልክ ናቸው፣ አያውቅም። ወጋችንንም እንደዚያው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦክላንድ ያለው አዳራሽ በነጠላ ሞላ። እኔ ከኋላ፣ የካምቤሏ እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጅቷ አልመጣችም፤ በሌላ ሰው መኪና ነው የመጡት፣ ከአዲስ አበባ ደርሰው ከተመለሱ ገና ሁለት ቀናቸው ነው። የአንድ እግራቸውን ጫማ ግማሽ አውልቀው ተረከዙን ረግጠው ተቀምጠዋል። ወጣቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይኩን ሞከረ፣ ሞተበት፣ ያለ ማይክ ቀጠለ።

«ኦኬ፣ ኖሚኔሽን እንጀምራለን። ስም የሚጠራ?»

ባለ ትራኩ ተጠቆመ። ብድግ አለ። «ሕዝብ ካመነብኝ አላሳፍርም! ሕንፃውን እንገዛለን!» አለ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ከፊት ወንበር ዞሮ አየኝ፤ «አላልኩሽም? ሆዳም!» የሚል ዓይን ነው።

ቀጥሎ አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ጋሼን ጠቆመ። ጋሼ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ የኮቱን ቁልፍ ያዘ።

«ክብር ይስጥልኝ። ላሰባችሁኝ ሁሉ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ግን ከእኔ የተሻሉ፣ ከእኔ የበረቱ ወንድሞች አሉ። እኔ ለዚህ ኃላፊነት አልበቃም፤ ይቅርብኝ።»

አቤት ሲያምርበት! እንዲህ የሚያምር እምቢታ ሰምቼ አላውቅም። ፊቱን ትሑት አድርጎ፣ ጆሮውን ግን ቀጥ አድርጎ ቆመ፤ «በሞቴ»ው ከየት በኩል እንደሚመጣ እየጠበቀ።

ወጣቱ አየው። «ሶ... ኖ ነው?»

ጋሼ ፈገግ አለ። ሌላ ምን ይበል?

«ኦኬ። ዲክላይን አድርገዋል። ታንክ ዩ፣ ዶክተር። ሌላ ስም?»

ወጣቱ ላይ አልፈርድም። የተነገረውን ነው የሰማው። ሰዉን ግን ምን ነካው? አዳራሽ ሙሉ ሰው አለ፤ ሰርግ ላይ ለአንድ ቁራጭ ሥጋ «አፈር ስሆን፣ ስሞትልህ» እያለ እንግዳ የሚያንቅ ሕዝብ ነው። ጸጥ አለ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደቡ ላይ ወገቡን ያሳየው ወፍራም ሾፌር ጫማውን ያያል። ምሁሩ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ጋሼ አልተቀመጠም፣ አልቆመምም፤ በመካከል፣ እጁ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ።

የካምቤሏን እናት በክርኔ ጎሰምኳቸው። «እትዬ፣ በሞቴ ይበሉት እንጂ!»

«ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ፕሬዚዳንት ከሆኑ የእኔን ግፊት ማን ሊያየው ነው? ያ ባለ ትራክ?»

ዞሬ ረድፉን አየሁ። የሁሉም ፊት ላይ ያው ነገር ነበር። እያንዳንዱ ፌስታሉን እያሰበ ነው። ሰዉ አጎቴን አልጠላውም፤ ከመውደዱ የተነሳ በቁሙ እየቀበረው ነው።

ብድግ አልኩ። ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ሳላስብ ነው ሁሉንም የማደርገው።

«ይፈልጋል!» አልኩ። «ውሸቱን ነው! ስንት ሳምንት በየቤታችሁ የዞረው ሻያችሁ ናፍቆት ነው?»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ወጣቱ ስልኩን ፈለግ ፈለግ አደረገና «ሶሪ፣ አባል ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«ዜን ዩ ካንት ስፒክ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ወይ የዘንድሮ ልጅ!» አለ አንዱ። ጋሼን አየሁት። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። አሁን «ልጅ ናት፣ ይቅርታ አድርጉላት» ብሎ ቁጭ ቢል ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ወጉ የሚለውም ያንኑ ነው። የኮቱን ቁልፍ ለቀቀ።

«እፈልገዋለሁ» አለ።

«ምን አሉ?» አለ ወጣቱ።

«ፕሬዚዳንትነቱን። እፈልገዋለሁ። ቅድም ያልኩት... ለወግ ያህል ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ልብሱን ያወለቀ ያህል ሰው ደነገጠ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምሁሩ ተነስተው፣ አንዴ የተሰጠ እምቢታ በምን አግባብ እንደሚሰረዝ ማብራሪያ ጠየቁ። ወጣቱ «ኢትስ ፋይን» ብሎ በሁለት ቃል ዘጋቸው፤ በእሳቸው ዕድሜ እንዲህ በአጭሩ የመለሰላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያኔ የካምቤሏ እናት ከተቀመጡበት ጮኹ። «እንግዲያው በሰው ፊት ልጠይቅ! እኛንስ ማን ያየናል ጌታዬ?»

ጋሼ ዞረ። ንግግር አላዘጋጀም፤ ያዘጋጀው መግደርደሩን ብቻ ነው።

«እናቴ፣ እኔ እዚህ ሐኪም አይደለሁም። ስንቴ ነገርኩዎት? ሐኪም አለዎት። ገጠር እያለሁ ሰው ወደ እኔ የመጣው ሌላ ስለሌለ ነው፤ እኔም የሄድኩት እጣ ስለወጣብኝ ነው። እዚህም...» ቆመ። «ብትመርጡኝም ባትመርጡኝም ከዛሬ በኋላ ፌስታል አላይም። አንዴ እንኳ፣ ለመድኃኒት ሳይሆን፣ እኔን ብላችሁ እጅ ብታወጡ ደስ ይለኛል። በቃ፣ ይኼው ነው።»

እኔ የዘመቻ አስተባባሪዋ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ድምፅ ከመስጠታቸው አንድ ደቂቃ በፊት የመራጩን ሁሉ ክሊኒክ ዘጋባቸው! በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የመዝጊያ ንግግር ያደረገ እጩ ካለ ንገሩኝ።

እጅ ወጣ። ለባለ ትራኩ ብዙ፣ ሾፌሮቹ በሙሉ። ለጋሼ ደግሞ እዚህም እዚያም፤ የነዳጅ ማደያው ሰውዬ፣ ሁለት ነርሶች፣ በመርህ ደረጃ ምርጫውን የማይቀበሉት ምሁር፣ እና አንድም ቀን ፌስታል አሳይተውት የማያውቁ፣ በስም እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች። የካምቤሏ እናት ለሁለቱም እጃቸውን አወጡ።

«ማዘር፣ ዋን ቮት ብቻ ነው» አላቸው ወጣቱ።

«እንግዲያው ለባለ ትራኩ ይሁን። ዶክተሩ የእኔ ናቸው፣ የትም አይሄዱብኝ።»

ተሸነፍን። በሰፊው አይደለም፣ ግን ተሸነፍን። ባለ ትራኩ ጋሼን አቅፎ ሳመው፤ ከዚያ ስለ ሕንፃው ተናገረ። ጋሼ አጨበጨበ። ወንበር ሲደራረብም አብሮ ደረደረ፤ እኔ በሩ ላይ ቁልፌን እያሽከረከርኩ ጠበቅኩት።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሰዎች ቆመው ይጠብቁናል። አለመመረጡን ሊያጽናኑት ነው የመጡት፤ በጎን ግን አንድ ሁለቱ ፌስታል ይዘዋል። ከፊት የካምቤሏ እናት ናቸው፣ አንድ እግራቸውን ሳብ እያደረጉ።

«አልተቀየሙኝም አይደል ጌታዬ? እኔኮ ለእርስዎው ብዬ ነው፣ እንዳይደክሙ...»

ጋሼ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው፣ መኪና ውስጥ ገባ፣ በሩን ዘጋ።

«ንጂ» አለኝ።

ለሳምንታት «በቃ እንሂድ!» እያልኩ የለመንኩት ሰው ነው። ነዳሁ። በመስተዋቱ ሳያቸው ዘንቢላቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ፍሪዌይ ገባን። ያለቀሰ እንደሆነ ብዬ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አላለቀሰም። ጣቱን ጉልበቱ ላይ እያሳረፈ አንድ በአንድ ይቆጥራል።

«ሁለቱ ነርሶች እጅ አወጡ፣ አየሽ? ሐኪም የማያስፈልጋቸው ናቸው እኮ።»

«አየሁ ጋሼ።»

«ያቺ ኋላ የነበረች፣ ቀይ ሹራብ የለበሰችውስ? አላውቃትም። አንቺ ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

«እኔም አላውቃትም» አለ፤ እንደ ትልቅ ስጦታ።

ትንሽ ሄድን። ሳይታሰብ የመኪናውን ቀበቶ ላላ አደረገ።

«የካምቤሏ ሴትዮ ከአዲስ አበባ የተመለሱት በዚህ ሳምንት ነው አይደል?»

«ነው መሰለኝ። ምነው?»

«ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተቀምጠው። እግራቸውን አየሽው? አንዱ ብቻ ነው ያበጠው። ሁለቱም ቢያብጥ ኖሮ ግድ አልነበረኝም። ለልጅቷ ደውይላት። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ኢመርጀንሲ ትውሰዳቸው። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል በያት። እኔ ነኝ ያልኩት ግን እንዳትይ።»

«ለምን?»

«ፌስታል አላይም ብዬ የለ።»

ስልኩን መኪናው ላይ ከፈትኩት። ልጅቷ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። እግር፣ በረራ፣ ኢመርጀንሲ፣ ብዬ ባንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«ዌይት፣ ሁ ሴድ ዛት?» አለች። «ማም የዶክተሩን ቃል ካልሰማች ሆስፒታል አትሄድም። ዲድ ሂ ሴይ ኢት ኦር ዲድ ዩ?»

ጋሼን አየሁት። ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ የቀኙን መስመር ይዘው የሚሄዱትን ትራኮች ያያል።

«እሱ ነው ያለው» አልኳት። «አዳራሹ በር ላይ ናቸው፣ መጥተሽ ቀጥታ ኢመርጀንሲ ውሰጃቸው።»

አልተቆጣኝም። ቀበቶውን መልሶ አጠበቀና ልጅቷ መንገድ መጀመሯን ደግሜ ደውዬ እንድጠይቃት በእጁ አሳየኝ።